ዘጠኝ ቀን ያደረው መሸኛ

እትዬ ለተብርሃን መሸኛዬን ዘጠኝ ቀን መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈው የኮሌጅ ምዝገባዬን አሳለፉብኝ። በዚያ የተነሳ ትምህርቴንም ቤቴንም ባንድ ሳምንት አጣሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ የሚናገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ባለፈው ወር አረፉ። ጉርድ ሾላ ድንኳን ተጥሎ ነበር፤ ሄጄ ተቀመጥኩ። አንዱ ተነስቶ «የድሆች እናት ነበሩ» አለ። ሌላው «በዚያ ክፉ ዘመን ስንቱን ሰው አተረፉ» አለ። እውነቱን ነው፤ ከተረፉት አንዱ እኔ ነኝ። ግን እንደሳቸው የበደለኝም ሰው የለም። ያተረፉኝም የበደሉኝም በአንድ ጠባያቸው ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ድንኳኑ ውስጥ አላየሁም። መቀመጫው ቆረቆረኝ፤ ተነስቼ ቤቴ ገባሁና ወረቀት ፈለግኩ። መጻፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ይኼም ያናድደኛል።

የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የመነጽራቸው አንድ እጀታ በጥቁር ክር የታሰረ። ከትግራይ የመጡት በንጉሡ ጊዜ ነው፤ አማርኛቸው የጠራ ነው፤ ሲናደዱ ወይም ሲደነግጡ ብቻ «እዋይ!» ትወጣቸዋለች። ነጠላቸውን ቀለም እንዳይነካው ከክርናቸው በላይ አጣጥፈው በመርፌ ቁልፍ ይይዙታል። ሲጽፉ ጎንበስ አይሉም፤ ወረቀቱ ነው ወደሳቸው የሚመጣ የሚመስለው።

የሥራ ሕጋቸው አንድ ነበር። ማንኛውም ወረቀት በተጻፈበት ቀን ማኅተም አያርፍበትም። የድጋፍ ደብዳቤ ይሁን፣ ክስ ይሁን፣ የፍቺ ማመልከቻ ይሁን፣ ጽፈው ይጨርሳሉ፣ ቁጥር ይሰጡታል፣ ከዚያ መሳቢያቸውን ይከፍቱና ያስገቡታል። «ይደር» ይላሉ። ለምን ቢባሉ ምክንያት አያልቅባቸውም። የማኅተሙ ቀለም ደርቋል። ቁልፉ ጠፍቷል። ሊቀመንበሩ አላዩትም። ጠባያቸውን የሚያውቅ ሰው አይከራከርም፤ ነገ ይመለሳል። ከተመለሰውም ሰው ግማሹ «እትዬ፣ ተዉት፣ ቅደዱት» ይላል። አንድ የሰፈራችን ባለጋሪ ሚስቱን ለመፍታት ሰባት ጊዜ አስጽፎ ሰባት ጊዜ አስቀድዷል። በስምንተኛው እትዬ ለተብርሃን ብዕራቸውን አስቀምጠው፣

«ልጄ፣ ለሚስትህ ባታዝን ለወረቀቱ እዘንለት» አሉት።

ሰፈሩ በጀርባቸው «እትዬ ይደር» ይላቸው ነበር።

እኔ ግንበኛ ነበርኩ። ቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ቪላዎች የብዙዎቹን አጥር እጄ ያውቀዋል። ፊደል ግን አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ኦሎምፒያ አጠገብ ስንሠራ ፎርማኑ ፕላኑን እንድይዝለት ሰጠኝና ዘቅዝቄ ያዝኩት። «እሱ ፕላን ነው እንጂ የገበታ ጨርቅ አይደለም» አለኝ፤ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ከሱ ይበልጥ ግድግዳ አውቅ ነበር። ወረቀቱን የያዘው ግን እሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ፤ ወረቀቱን የሚይዘው ሰው መሆን።

በስልሳ ስምንት የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከሥራ በኋላ ፊደል ማስቆጠር ተጀመረ። አስተማሪዋ እትዬ ለተብርሃን ሆኑ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እጄ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቆ እርሳስ አልይዝ ይላል።

«አንተ ግንበኛ፣ ላላ አድርገህ ያዘው» ይሉኛል። «ሮጦ አያመልጥህም።»

ማንበብ ሲገባኝ አበድኩ። የሳሙና መጠቅለያ፣ የሱቅ ሰሌዳ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የግድግዳ መፈክር፣ ያገኘሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ድምፅ ካላወጣሁ የገባኝ አይመስለኝም። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ያውቃል።

በስልሳ ዘጠኝ አንድ ጠዋት በራችን ሥር የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ደስ አለኝ። ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ፣ ሰፈሩ እንዲሰማልኝ አድርጌ ጀመርኩ። «ጭ… ቁ… ን… ሕ… ዝ… ብ…» ጎረቤቴ ብቅ አለና በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋ። የቀናብኝ መሰለኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ሚስቴ ዘነበች በባዶ እግሯ ሮጣ ወጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ምን ሆነሃል፣ ወርቁ? ልታስጨርሰን ነው?»

«ምን አጠፋሁ? አንድ ስሕተት የለብኝም እኮ!» አልኳት። ስለ ንባቤ ነበር የማወራው።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበሩ እትዬ ለተብርሃንን አስቀምጦ ደብዳቤ አስጻፈ። ስሜ፣ የቤት ቁጥሬ፣ «የፀረ አብዮተኞችን ጽሑፍ በአደባባይ ያነበበ»፣ ለበላይ አካል ይተላለፍ። በዚያን ጊዜ ስሙ እንዲህ ባለ ወረቀት የሄደ ሰው ምን እንደሚሆን የሚያስረዳኝ አያስፈልገኝም። እትዬ ለተብርሃን ጻፉ። ቁጥር ሰጡ። መሳቢያቸውን ከፈቱ።

«ምን ታደርጊያለሽ? ምቺበት እንጂ!» አለ ሊቀመንበሩ።

«የማኅተሙ ቀለም ደርቋል፣ ጓድ። ይደር።»

በማግሥቱ ቁልፉ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን የደብዳቤው ቁጥር ከሌላ ደብዳቤ ቁጥር ጋር ተምታታ፤ እንደገና መጻፍ አለበት ተባለ። በአራተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ደበደበ፤ እሳቸው ቀና ብለው አዩትና ጽሕፈታቸውን ቀጠሉ። በአምስተኛው ቀን ሊቀመንበሩን ራሱን ላንድሮቨር መጥቶ ወሰደው። በማን ክስ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሱ ቦታ የተተካው ሰው ስለእኔ ወሬ አልሰማም።

በስድስተኛው ቀን አስጠሩኝና ወረቀቱን ሰጡኝ። አነበብኩት። ከእጄ ወስደው አራት ቦታ ቀደዱት።

«ማንበብ አስተማርኩህ፤ መጮህ አስተማርኩህ?»

«የለም፣ እትዬ።»

«በል ከንፈርህን ዘግተህ ማንበብ ልመድ። ነገ ከዚሁ እንጀምራለን።»

አንድ ሳምንት ሙሉ ከንፈሬን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ አነበብኩ። እሳቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ድምፅ ባመለጠኝ ቁጥር ጠረጴዛውን በእርሳስ ኳ ያደርጋሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ውለታ ነው። አልክድም።

ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት የማታ ተማሪ ሆንኩ። ቀን ድንጋይ፣ ማታ ደብተር። ማትሪክ አልፌ አንድ ኮሌጅ ውስጥ በማታ ክፍል የሕንፃ ሥራ ትምህርት ጀመርኩ፤ ከክፍሉ ሁሉ ሽማግሌው እኔ ነበርኩ። አንድ ዓመት እንደተማርን፣ በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ፣ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሕንፃ ሥራ የማታ ክፍል ተዘግቷል፤ መቀጠል የሚፈልግ በሐረርጌ ክፍለ ሀገር ወዳለው ኮሌጅ ተዛውሮ በቀን ክፍል ይጨርስ፤ ምዝገባው የሚያበቃው ከመስቀል በኋላ በአሥረኛው ቀን ነው፤ የቀበሌ መሸኛ ያልያዘ አይስተናገድም።

መሸኛ ማለት ቀበሌህን ለቀህ መሄድህን የሚመሰክር ወረቀት ነው። ካልያዝከው የሄድክበት አገር አይቀበልህም። ከያዝከው ደግሞ የምትኖርባትን የቀበሌ ቤት አስረክበህ ነው። የኛ ቤት አንድ ክፍል ናት። ስንገባባት የጓሮ ግድግዳዋ ፈርሶ ነበር፤ ከየሥራው ቦታ የተረፈ ድንጋይ በትከሻዬ እያመጣሁ መልሼ የገነባሁት እኔ ነኝ። እሷን ሰጥቼ ሄጄ፣ ትምህርቱ ባይሆንልኝስ? ቀርቼ ደግሞ እስክሞት ድንጋይ ላቀብል?

ዘነበች ቦሌ አንድ ቪላ ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች።

«እኔ ሥራዬን ጥዬ ሐረርጌ ምን ልሠራ?» አለች። «አንተ ሂድ። እኔ መገናኛ እህቴ ጋ እገባለሁ። ግን ቤቷን ከሰጠህ በኋላ ተመልሰህ 'ዘነበች፣ የት እንደር?' እንዳትለኝ።»

«ታዲያ ልቅር?»

«ቅር አላልኩም።»

«ልሂድ?»

«ሂድም አላልኩም። የራስህን ራስ ምታት በእኔ ራስ ላይ አታስር።»

ያን ክረምት አንድ ቦታ አልተቀመጥኩም። ጠዋት እሄዳለሁ እላለሁ፤ ከሰዓት እቀራለሁ። ከጉርድ ሾላ እስከ መገናኛ በዝናብ በእግሬ እወርዳለሁ፤ ምንም ሳልሠራ እመለሳለሁ። መወጣጫ ላይ ቆሜ ድንጋይ በእጄ ይዤ የማስቀምጥበት ይጠፋኛል። «ወርቁ፣ ድንጋዩን ልታሳድገው ነው?» ይሉኛል ከታች።

ሐምሌ ላይ መሸኛ አስጻፍኩ። «ይደር» አሉ እትዬ ለተብርሃን። በማግሥቱ በጠዋት ሄጄ «ቅደዱልኝ» አልኩ። ነሐሴ ላይ እንደገና አስጻፍኩ። እንደገና አደረ፤ እንደገና አስቀደድኩ። «ባለጋሪውን ልትበልጠው ነው?» አሉኝ። አፍሬ ወጣሁ።

በመስቀል ማግሥት ለሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ሌሊቱን ሳይሆን ክረምቱን ሙሉ አስቤበት ነው የሄድኩት።

«እትዬ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ። ይህኛው አይደር።»

«እሺ» አሉ። ጻፉ። ቁጥር ሰጡ። መሳቢያቸውን ከፈቱ።

«እትዬ!»

«ማኅተሙ ሊቀመንበሩ ዘንድ ነው። ስብሰባ ሄዷል። ሲመለስ እመታልሃለሁ።»

በማግሥቱ ሄድኩ፤ አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ፤ ተመልሶ እንደገና ወጥቷል። በአምስተኛው ቀን ስብሰባው ተራዝሟል። ቀን እየቆጠርኩ ነው፤ እሳቸውም እየቆጠሩ እንደነበረ ያኔ አላወቅኩም። በዘጠነኛው ቀን፣ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ደጅ ላይ ዘበኛውን አገኘሁት።

«ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አልመለሰም?» አልኩት።

«የቱን ማኅተም?» አለ። «ትናንት የፈቃድ ወረቀቴን እትዬ አይደሉ እንዴ የመቱልኝ? ከመሳቢያቸው አውጥተው!»

ገባሁ። ሰው ተሰልፎ ነበር፤ አልጠበቅኩም።

«መሳቢያውን ይክፈቱት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ይክፈቱት።»

«ሁለት ጊዜ ቅደዱልኝ ብለኸኛል። ሁለቱንም ጊዜ ወዲያው መትቼልህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤትህ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። ማኅተም ካረፈ አይነሳም፣ ወርቁ።»

«በሦስተኛው መጥቼ ቅደዱ ብያለሁ?»

«አላልክም።»

«በየቀኑ ስመጣ ምን አልኩ?»

«ስጡኝ አልክ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንተ ግንበኛ ነህ። አርማታ ባፈሰስክ ማግሥት ደግፎ የያዘውን እንጨት ትነቅላለህ?»

«አርማታው የኔ ነው! የሚነቀልበትን ቀን የማውቀው እኔ ነኝ!» ሰልፈኛው ሁሉ ወደእኔ ዞረ። እኔ ግን አልተውኩም። «በስልሳ ዘጠኝ ያሳደሩት ወረቀት ሰው በእኔ ላይ ያስጻፈው ነው። ይህን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ልዩነቱ አይታይዎትም?»

እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አዩት።

«እዋይ» አሉ፣ በቀስታ። «እጄ ነው። ያኔ ለመደ። ማኅተም ላነሳ ስል እምቢ ይለኛል። በአንተ ብቻ አይደለም።»

አውጥተው መቱት። አላዘንኩላቸውም።

ያንኑ ከሰዓት ቁልፌን አስረከብኩ። ዘነበች ፍራሹን አስጭና መገናኛ ገባች። ብዘገይም ይቀበሉኛል ብዬ በማግሥቱ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስንጓዝ በሐሳብ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ እሄዳለሁ። ኮሌጁ በር ላይ የደረስኩት ሰኞ ነው። መዝጋቢው ወጣት ልጅ ነበር፤ ክፉ አልነበረም።

«ምዝገባ ዓርብ ተዘግቷል፣ ጋሼ።»

«መሸኛውን ያቆዩብኝ የቀበሌያችን ጸሐፊ ናቸው።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። ያቆየሁት እኔ ነኝ የሚል ወረቀት ከቀበሌዎ ቢያመጡ፣ ለሁለተኛው መንፈቅ ላቀርበው እችላለሁ።»

የትኛው ጸሐፊ ነው እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፈው? ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ጉርድ ሾላ ስመለስ ቤቴ በር ላይ የማላውቀው የሕፃን ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል። ያን አይቼ ቀጥታ ቀበሌ ሄድኩ። እትዬ ለተብርሃን ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሱ።

«አልመዘገቡኝም» አልኩ። «ያቆየሁት እኔ ነኝ የሚል ወረቀት አምጣ አሉኝ።»

ንጹሕ ወረቀት ሳቡ። ከዚያ፣ «ልጻፍ?» አሉኝ።

ከመጻፋቸው በፊት ሰው ጠይቀው አያውቁም ነበር።

ምን እንደጠየቁኝ ገብቶኛል። በዚያን ዓመት የትግርኛ ስም ያለው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሠራው። የጊዜው ሊቀመንበር ለወንበራቸው የራሱ ሰው ነበረው፤ ያጣው ሰበብ ብቻ ነው። የመንግሥት ማኅተም ይዘው የለኝም ማለታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ከፈረሙ፣ ሰበቡ ያ ነው። «ተዉት፣ እትዬ» ልል እችል ነበር። ያን ብል እዚሁ እቀራለሁ፤ ለቤት እመዘገባለሁ፤ ድንጋዬን አነሳለሁ።

«ይጻፉ» አልኩ።

ጻፉ። ገልብጠው ወደእኔ አዞሩልኝ። አነበብኩት። «ማኅተሙ በእጄ እያለ የለም በማለት መሸኛውን ዘጠኝ ቀን ያቆየሁት እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነኝ። በአመልካቹ በኩል ጥፋት የለም።» በሥር በኩል ግልባጭ ለሊቀመንበሩ ይላል። ይህንንም ራሳቸው ናቸው የጨመሩት።

«በሥራ ብዛት» ቢሉት ይሸፍናቸው ነበር። ሁለት ቃል ናት። ምላሴ ላይ ነበረች። ግን «በሥራ ብዛት» ያ መዝጋቢ የማይቀበለው ተራ ሰበብ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።

«ልክ ነው?» አሉኝ፣ ልክ እንደ ተማሪ።

«ልክ ነው» አልኩ።

ቀለሙ ሳይደርቅ ማኅተሙን አሳረፉበት። በማግሥቱ በፖስታ ለኮሌጁ ላክኩት።

ኅዳር ላይ ከጸሐፊነት ተነሱ። የቀበሌው ሱቅ ውስጥ ስኳር መስፈር ተሰጣቸው። እኚያ ረጅም ሴትዮ በዚያች አጭር መስኮት ለመታየት እጥፍ ብለው ነበር የሚቆሙት። አንድ ቀን ከሩቅ አየኋቸውና መንገድ ቀየርኩ። ዘነበች ግን ሄዳ ሰላም ትላቸው ነበር።

«መልስ መጣለት ወይ ብለው ጠየቁኝ» አለችኝ።

«ምን አገባቸው?»

«አፈር ብላ፣ ወርቁ» አለችኝ።

መልሱ ጥር ላይ መጣ። ለሁለተኛው መንፈቅ ተፈቅዷል። ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር ይበላኝ ጀመር። በመስቀል ማግሥት እንደጠየቅኳቸው ወዲያው መትተው ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ፣ በማግሥቱ በጠዋት ተመልሼ «ይህንስ እንዴት እንቅደደው?» አልል ነበር? በዚያ ዘጠኝ ቀን ሐሳቤን ያልቀየርኩት ስለቆረጥኩ ነው ወይስ ስለከለከሉኝ? ሰው የተከለከለውን አጥብቆ ይፈልጋል። ይህን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ አልጠየቅኳቸውም። ዲፕሎማዬን ይዤ ከተመለስኩ በኋላ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተገናኝተናል። ሁለቱንም ጊዜ «እንደምን ነዎት» ብዬ አለፍኩ።

እሳቸው የበደሉኝን ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም መትተውበታል። ድንኳኑ ውስጥ ለምን ከወንበራቸው እንደተነሱ የተናገረ ሰው አልነበረም። የሚያውቀው እኔ ነበርኩ፤ ተቀምጬ ንፍሮ በላሁ።

ለሁለተኛው መንፈቅ ልመዘገብ ስሄድ ያ ወጣት መዝጋቢ ደብዳቤያቸውን ከፋይሌ አውጥቶ እንደገና ሁለት ጊዜ አነበበው። «እንዲህ ያለ ወረቀት አይቼ አላውቅም» አለ። «እኚህ ሴትዮ አሁንም ሥራቸው ላይ ናቸው?»

«ናቸው» አልኩት።

መዝገቡን ስቦ ስሜን ጻፈ። የካቲት 9 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ሐሙስ።